ስንደዶው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ 11 በጎ ፈቃደኛ መምህራን ይዤ ጀመርኩ። ጥምቀት ሲደርስ 3 ቀሩኝ። «በቃኝ» ብሎ የተሰናበተኝ አንድም የለም። አንዷ ፈተና ደርሶብኛል አለች፤ አንዱ ስልክ ማንሳት ተወ፤ ሌላው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ተሻገረ። እኔም «የዛሬ ልጅ ቃል የለውም» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ሳማቸው ከረምኩ።

የማስተባብረው የዲጂታል ክህሎት ትምህርት ቤት ከስሙ ያነሰ ነው። ማራኪ በሚባለው ሰፈር ለምነን ባገኘነው አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል። 14 ላፕቶፖች አሉን፤ ሁለቱ ባትሪያቸው ስለሞተ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ተማሪዎቻችን ባለሱቆች፣ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ እናቶች ናቸው። መምህራኑ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ኮምፒውተር ያውቃሉ፤ ያ ይበቃል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ሥልጠና ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጬ በ86 ስላይድ ስለ አዋቂ ተማሪ ባሕርይ ሰበክኳቸው፤ ምሳ አበላሁ፤ የምስክር ወረቀት ሰጠሁ፤ ፎቶ ተነሣን። ቅዳሜ ሲመጣ አንዱን መምህር ከ14 ተማሪ ጋር ብቻውን ትቼ፣ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የስም መቆጣጠሪያ እሞላ ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ ትተው ከሄዱት አንዷ ናት። የካቲት ላይ አግኝቻት ሻይ ጋበዝኳት፤ ልወቅሳት ነበር የጋበዝኳት፣ አልደብቅም። «ጋሼ» አለችኝ፣ «አንዲት እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ማውዙን ይዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንድ ነገር አላስተማርኳቸውም። በአራተኛው ሳምንት ቀሩ። ተመልሰው ቢመጡ ፊታቸውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ እኔም ቀረሁ።» ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ስንፍና ያልኩት ሁሉ ኀፍረት ነበር። አንድ ሰው ከክፍል ስትወጣ «እንዴት ዋልሽ?» ቢላት ኖሮ አትቀርም ነበር፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ መሆን የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ገባሁና መምህሩ ላብ በላብ ሆነ፤ ተቆጣጣሪ መሰልኩት። ደብተሩን ተውኩት። በሁለተኛው ሳምንት ያየሁት ነገር ሁሉንም ቀየረው።

አንድ መሪጌታ ተማሪ አሉን፤ የራሳቸውን ቅኔዎች መጻፍ ይፈልጋሉ። ወጣቱ መምህር ከኋላቸው ቆሞ «እንደዚህ ነው የኔታ፣ እንደዚህ» እያለ ማውዙን ከእጃቸው ወስዶ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ላይ መሪጌታ እጁን ያዙት። «ልጄ፣ እኔ ፊደል ስቆጥር ስንደዶው በእኔ እጅ ነበር። የኔታ አፋቸውን እንጂ እጃቸውን አልሰጡኝም።» ክፍሉ ሳቀ። በልጅነቱ በስንደዶ ፊደል እያመለከተ «ሀ ሁ» ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ ገባው።

ስላይዶቼን ሁሉ ጥዬ ሕግ አድርጌ ያስቀረሁት ይህንን ነው፤ መምህር ማውዝ አይነካም። ሲያስረዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ለመምህራኑ ስቃይ ነበር፤ በሁለት ሴኮንድ የሚያልቀው ነገር አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ግን ተማሪው የሚመለሰው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው።

በራሳቸው በመሪጌታ የደረሰ ሌላ ነገርም አለ። ቅኔያቸውን ከዓመታት በፊት ማተሚያ ቤት አስተይበው በፍላሽ ይዘው መጡ። ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነ። መምህሩ ደንግጦ «ፋይሉ ተበላሽቷል» አላቸው፤ ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። ፋይሉ ግን ደኅና ነበር። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ ቁጥር) ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ የፊደሉን መልክ የያዘው ፋይል፣ ፎንት የሚባለው፣ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው ሥሩ ያለው ላቲን ነው። ፎንቱን ፈልገን ስንጭነው ቅኔው ተመለሰ። ልጁ ይህን ባለማወቁ አልፈርድበትም፤ የከፋው «አላውቅም» ማለት ነውር መስሎት መገመቱ ነው። አሁን በመጀመሪያው ቀን መምህራኑን የማለማምዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር «ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ በሚቀጥለው እነግርዎታለሁ» የምትል ናት። ጮክ ብለው እንዲሏት አደርጋለሁ። ይሥቃሉ፤ ይበሉ ብቻ።

ብቻውን የሚገባ መምህርም የለም። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ የከተማችን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር፤ ዛሬም የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። እኛም ሁለት ሁለት አደረግናቸው። አንዱ ፊት ለፊት ያስተምራል፣ ሌላው በወንበሮቹ መሀል እየዞረ ዝም ያለውን ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ።

ክፍል ሲያልቅ 20 ደቂቃ ሻይ አለ። ሻዩንና የባጃጁን እኛ እንችላለን፤ ለተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም፣ ለመጠየቅም ያፍራሉ፣ ስለዚህ ሳይጠየቅ ይሰጣል። ሻዩ ላይ የምጠይቀው «ዛሬ ማን ዝም አለ?» ብቻ ነው። መልሱ አንድ የጋራ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ በሳምንቱ የሚገቡት መምህራን እሱን አንብበው ይገባሉ።

ሳልነግራቸው ያለፍኩትና እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ የቴሌብር ጉዳይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እናቶች አጥብቀው ከሚጠይቁን ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አንዲት እናት ስልካቸውን ለመምህሩ ዘርግተው የሚስጥር ቁጥራቸውን ክፍል ሰምቶ እስኪበቃው ጮክ ብለው ነገሩት፤ እሱም በቅንነት መታላቸው። ምንም አልጠፋም። ቢጠፋስ? በእሱ ይሳበብ ነበር፣ እሱም ማስረዳት አይችልም። አሁን የሚስጥር ቁጥር ሲመታ መምህሩ ዘወር ብሎ ግድግዳ ያያል። ይህ ተማሪውን ብቻ ሳይሆን መምህሩንም የሚጠብቅ ነው።

ቃላትም አስቸግረውናል። ልጆቹ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ «ፎልደር» ብለው ያልፋሉ፣ ጡረተኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ አልገባውም። አንዱ መምህር ግን «ዶሴ» ሲል የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባት ፈገግ አሉ። (ዶሴም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ግን ሰነባብቷልና የእኛ ሆኗል።) የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ፤ ቅጽ ላይ የልደት ቀን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀይረው ሲሞሉ ልጆቹ ሁሌ 8 ይደምሩ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ የተወለደ ሰው የሚደመርለት 7 ነው። በኅዳር 1985 የተወለደች ልጅ 1993 ተብላ ብትሞላ አንድ ዓመት ታንሳለች፤ ቀላል ስሕተት ይመስላል፣ ፓስፖርት ላይ ሲሆን ግን ቀላል አይደለም።

የጊዜውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ድሮ «ዓመቱን ሙሉ ታስተምራላችሁ?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ሁሉም አዎ ይላል። አሁን የምጠይቀው ስድስት ሳምንት ነው፤ ከፈተናቸው ጋር አስማምተን፣ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ያሉትን ቀናት ዘግተን። ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ኤክሴል የሚማር ሰው እጠብቅ የነበርኩት እኔው ነኝ እንግዲህ። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ የፈለገ በክብር ይሰናበታል፤ ከእነዚያም ቆይተው የተመለሱ አሉ። ያቺ ሻይ የጋበዝኳት ልጅ አንዷ ናት።

ዘንድሮ በ9 ጀመርን፤ ዛሬ 7 ናቸው። ሁለቱ የሄዱት ተሰናብተው ነው። ያለፈው እሑድ ደብተሩ ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ዝም ያለ የለም። 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ በስልክ ቀጠልን። መሪጌታ 4 ገጽ ጻፉ፣ ሴቭ ሳያደርጉ ጠፋባቸው፣ ተቆጥተውናል። ዳስተር ይገዛ።»