ቢላ ሳይነካኝ አድነኝ ብዬ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እንዴት ናችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ አሞራ ገደል አሳ እየጠበስኩ ነው የምተዳደረው፣ መጻፍ አልችልበትም ግን ስለቴ ሲሰምር እመሰክራለሁ ብዬ ነበር፣ ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት አለፈኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ነው። ሀዋሳ እኮ ሜዳ ነው፣ ግን ከፒያሳ እስከ ሐይቁ በእግሬ መሄድ አቃተኝ፣ ማታ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝና ሦስት ትራስ ደርቤ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፣ ሌላው አስም ነው ብሎ የሚነፋ ሰጠኝ፣ እንዲሁ የማይመለከተኝን መድኃኒት ስውጥ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ደረቴን አዳመጠችና ዝም አለች፣ ደግማ አዳመጠችና ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ አዘዘችልኝ። ደም ከልብ ወደ ትልቁ ደም ስር የሚወጣበት በር አለ፣ አኦርቲክ ቫልቭ ይሉታል፣ የኔ አልገጥም ብሎ የወጣው ደም ተመልሶ ይገባል፣ ልቤም እሱን ስትገፋ ስትገፋ ሰፍታለች። መነሻው ያልታከመ የልጅነት ቶንሲል ነው አለችኝ። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ሲያመኝ እማዬ እንጥሌን ነው ያስቆረጠችኝ፣ ያኔ ፔኒሲሊን ቢሰጠኝ ኖሮ... ይሄን እስካሁን አልነገርኳትም፣ የምታነቡላት ካላችሁ ይቺን መስመር ዝለሉላት።

ከዛ ኪኒን፣ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ (የተወጋ ያውቀዋል)፣ ግን የተበላሸ ቫልቭ በመድኃኒት አይመለስም፣ ደረት ተከፍቶ መቀየር አለበት ተባልኩ። ሐምሌ 19 የኛው ገብርኤል ሄጄ ቢላ ሳይነካኝ አድነኝ፣ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ስልኬ ላይ ሳነብ ደግሞ ደረት ሳይከፈት በእግር ደም ስር አስገብተው ቫልቭ የሚቀይሩበት መንገድ አገኘሁ፣ በፈረንጅ 2002 ፈረንሳይ ነው የተጀመረው፣ ይሄው መለሰልኝ ብዬ ወደ ልብ ሐኪሙ ሮጥኩ (ሮጥኩ ስል በባጃጅ ነው)። ፈገግ አለና እሱ በአብዛኛው ቫልቫቸው በእድሜ ጠጥሮ ለጠበበባቸው ትልልቅ ሰዎች ነው፣ ያንቺ የሚያፈስ ነው፣ አዲሱ ቫልቭ የሚቆነጥጠው ነገር አያገኝም አለኝ። ሮስ የሚባለውንም ጠየቅኩት፣ ወደ ሳንባ የሚወስደውን የራስሽን ቫልቭ አንስተው እዛ የሚተክሉት፣ በፈረንጅ 1967 እንግሊዝ የተጀመረ፣ እሱም እንደኔ ሩማቲክ (ከቶንሲል የመጣ የልብ በሽታ) ለሆነ ሰው የተተከለው ራሱ ተመልሶ ሊታመም ይችላል አለኝ።

ሁለት ምርጫ ቀረ። ከከብት ወይ ከአሳማ የሚሰራው (እማዬ አሳማ ስትሰማ አማተበች) እድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ አይፈልግም፣ ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ቢቆይ ነው፣ በወጣት ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ተመልሶ መከፈት አለ። ሰው የብረት የሚለው፣ ካርቦን ነው እንኳን፣ እሱ በቀላሉ አያልቅም፣ ግን ዋርፋሪን የሚሉት ደም ማቅጠኛ እስከ ዕለተ ሞት፣ ዋርፋሪን ደግሞ ጽንስ ይጎዳል። 31 ዓመቴ ነበር፣ ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ ሴት ልጅ እፈልግ ነበር። ሦስት ሌሊት አለቀስኩ። ባሌ "ያለን ልጅ እናት ይኑረው" አለኝ፣ የካርቦኑን መረጥኩ።

ታኅሣሥ 19 ደረሰ። ሰዉ ስለቱ ሰምሮለት እልል ሲል እኔ ግንብ ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ተቀየምኩት፣ እውነቴን ነው። ለንስሐ አባቴ "አባ፣ ሰውን ሁሉ ሲሰማ እኔን ምነው?" ስላቸው "ልጄ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ያዳናቸው እሳት ሳይገቡ ነው ወይስ ገብተው?" አሉኝ። ዝም አልኩ፣ ግን ተናድጄ ነበር።

በአራተኛው ቀን አምባዛ እየበለትኩ እጄ ደም በደም ሆኖ ስልኬ ጠራ። ጾም ስለነበር ገበያው ደርቷል (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታንሱብኝ፣ እኔ ጠባሽ ነኝ)። ከአዲስ አበባ ነው፣ የውጪ ሐኪሞች መጥተዋል፣ ተራ የደረሰው አንድ በሽተኛ ትኩሳት ይዞት ቀርቷል፣ ነገ መድረስ ትችያለሽ? በነጻ ነው አሉኝ። አሳውን እንዳለ ጥዬው ሄድኩ።

ደረቴን ከፍተው፣ ልቤን አቁመው፣ ደሜን በማሽን እያዞሩ ነው የሰሩኝ። ልቤ ቆማ እኔ የት ነበርኩ እላለሁ እስካሁን። ማታውን ደም አልቆም ብሎ እንደገና ከፈቱኝ፣ ባሌ ኮሪደር ላይ ገብርኤል ገብርኤል እያለ ሲሰግድ አደረ፣ ሊነጋጋ ሲል ቆመ። እኔ አይሲዩ ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ነው፣ ማሽን መስሎኝ ነበር።

አሁን ደህና ነኝ፣ አሳዬን እጠብሳለሁ፣ አይኤንአር የሚሉት፣ ደሜ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራዬ ከ2 እስከ 3 መሃል እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ጎመን ለሚወድ ሰው ልንገራችሁ፣ ጎመን አልተከለከለም፣ አንድ ሳምንት ጭራሽ ትቶ በሌላው ሳምንት መጋፍ ነው ጣጣው፣ እኔ ሁዳዴ ላይ ጎመን በጎመን ሆኜ ቁጥሬ 1.4 ወርዶ ሐኪሙ ተቆጣኝ። መድኃኒትሽን ጣይና ጸበል ብቻ ያሉኝም ነበሩ፣ እኔ ጸበሉንም ጠጣሁ ኪኒኑንም ዋጥኩ።

ጥላውን በዓመቱ አስገባሁ። ቅዳሴ ላይ ጸጥ ሲል አጠገቤ የቆሙ እናት ወደ እጄ አየት አድርገው "ልጄ፣ ሰዓትሽ ነው እንዴ እንዲህ የሚጮኸው?" አሉኝ።

"አይ እማማ፣ ልቤ ነው" አልኳቸው።

አማተቡና ትንሽ ፈቀቅ አሉ።