የአባቴን ቢኤስኤ በግቢዬ ውስጥ እንዴት እንደበየድኳት

የድሮ ሞተር ሳይክል ሲሰበር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ የያዝኩት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ፋብሪካው ያንን ቦታ በምን እንዳያያዘው እወቁ። በነሐስ የተያያዘ በነሐስ ይጠገናል። ኤሌክትሪክ የራሱ ቦታ አለው። ቤንዚን የነካው ዕቃ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር አጠገቡ መድረስ የለበትም።

ሞተሯ ቢኤስኤ ኤም-20 ናት። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊታቸው ከመቶ ሺህ በላይ ያመረቷት፣ ባለ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን። ከባድ ናት፣ ቀርፋፋ ናት፣ ግን ተማምነህ የምትቀመጥባት ናት። አባቴ የገዛት በወጣትነቱ ነው፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ድምጿን ብቻ ሰምተው የሚለዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እኔ ስረከባት ቴላዮዋ (ሁሉን የሚሸከመው የብረት አካሏ) ከመቀመጫው ሥር ተሰንጥቋል፣ ከኢንጅኑ ሲሊንደር ማቀዝቀዣ ክንፎች አንዱ ተሰብሯል፣ ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ያንጠባጥባል፣ የኋላ ፓራፋንጎ (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ማሰሪያው ተበጥሷል። አራት ቦታ ነው፤ አራቱም የሚፈልጉት ጥገና የተለያየ ነው።

ከቴላዮው ልጀምር፣ ዋናው እሱ ስለሆነ።

የኤም-20 ቴላዮ አሁን እንደምናያቸው ሞተሮች ቱቦ ከቱቦ ጋር ተበይዶ የተሠራ አይደለም። ቱቦው ወፍራም የብረት መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው የምትቀረውን ጠባብ ክፍተት የቀለጠ ነሐስ ይሞላታል። ነሐሱ የሚቀልጠው 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ብረቱ ደግሞ 1500 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ ቱቦው ቅርጹን ሳይለቅ ይያያዛል። ይህ ሥራ በደንብ ከተሠራ ሰው ያረጃል እንጂ እሱ አያረጅም።

የኔ ቴላዮ የተጎዳው በሥሪቱ ሳይሆን በጥገናው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ በያጅ የነሐሱ መገጣጠሚያ ላይ በኤሌክትሪክ ደርቦ በይዶበታል። ከላይ ሲያዩት ወፍራምና ጠንካራ ይመስላል። በግራይንደር ስገልጠው ግን ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር። ለምን ቢባል ይህ ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ዚንኩ ተንኖ እየወጣ ብየዳውን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። ይባስ ብሎ የቀለጠው መዳብ በጋለው ብረት ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የኔም ስንጥቅ የጀመረው ልክ ከዚያ ብየዳ ጠርዝ ነው። ይህን እያየሁ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ሞተሯን ሊጥል የሚችል ጥገና ነበር።

ያንን ሁሉ አነሳሁት። ሸካራውን በግራይንደር፣ የቀረውን በሞረድ፣ ንጹህ ብረት እስኪታይ ድረስ። ቀጥሎ ስንጥቁ የት ድረስ እንደሄደ ማወቅ ነበረብኝ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ትንሽ ቆይቼ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ እየወጣ ጠመኔው ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ሠራ። መስመሩ በዓይኔ ከማየው ስንጥቅ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ርቆ ነው ያለቀው። እዚያ ጫፍ ላይ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ በሳሁ፤ ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይሰበራል፣ እንዳይቀጥል ያግደዋል።

የተሰነጠቀ ቱቦ ላይ ነሐስ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም። ከውጭ የሚያቅፈው ግማሽ ቱቦ ቆርጬ አዘጋጀሁ፣ ጫፎቹንም ቀጥ አድርጌ ሳይሆን ሾል አድርጌ፣ ጭነቱ አንድ መስመር ላይ እንዳያርፍ። ክፍተቱን አንድ ወረቀት የምታልፍበት ያህል ብቻ ተውኩለት። ከሰፋ ነሐሱ አይሳብም፣ ከጠበበም አይገባም። ቴላዮው በሙቀት እንዳይጣመም ደግሞ ወፍራም አንግል ብረት በብሎን አሰርኩበት።

ለጋዝ እሳቱ የሚያስፈልጉትን ኦክስጅንና አሲትሊን አዘዞ ካለ ጋራዥ ተከራየሁ። ፒክአፕ ላይ ቀጥ ብለው ታስረው ነው የመጡት። አሲትሊን ተጋድሞ አይጓዝም፣ አይሠራበትምም። የኦክስጅኑን ቫልቭ ደግሞ ዘይት ወይም ግሪስ በነካ እጅ አትንኩት፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከዘይት ጋር ከተገናኘ ክብሪት ሳይጫር ይቀጣጠላል። ሞተር ሠሪ እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ስለሆነ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

ብረቱን አጽድቶ ነሐሱ እንዲይዝ የሚያደርገውን ዱቄት፣ ቦራክሱን፣ ያገኘሁት ፒያሳ ካለ ወርቅ ሠሪ ነው። ሥራውን የጀመርነው ፀሐይ ስትበርድ ነው። በጎንደር የቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለሙ አይለይም፣ እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ቴርሞሜትራችሁ ቀለሙ ነው። ጀምረናል ያልኩት፣ ዕድሜውን በጋዝ ብየዳ የጨረሰ አንድ የአዘዞ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ነው። የጋዝ መበየጃውን ለኔ ሰጥቶ እሱ ዓይኑን ብረቱ ላይ ተከለ።

መጀመሪያ ቦራክሱ ያብጣል፣ ነጭ አረፋ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ስለሚወጣ። ከዚያ ይረጋና እንደ ቀለጠ መስታወት ጥርት ብሎ ብረቱ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ብረቱ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። ትንሽ ሲቆይ ቀዩ ይደምቃል። የነሐስ ዘንጉን ወደ እሳቱ ላስጠጋ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ነሐሱን በእሳቱ አታቅልጠው። ብረቱ ያቅልጠው።»

«እሺ ጋሼ።»

እሳቱን ወደ ብረቱ መለስኩ፣ ዘንጉን መገጣጠሚያው አፍ ላይ ብቻ ነካ አደረግሁት። ነሐሱ ቀለጠና ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ ከዚያ በሌላኛው ጠርዝ ቢጫ መስመር ሆኖ ብቅ አለ። ሙሉውን አልፎ መሙላቱን የምታውቁት በዚህ ነው። በእሳት ብቻ የቀለጠ ነሐስ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ ያምራል፣ ግን አልያዘም። ሲቀዘቅዝ የደረቀውን ቦራክስ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ በሽቦ ብሩሽ አነሳሁት።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር ልበል። ነጭ ጭስ ከታየ ዚንኩ እየነደደ ነው፣ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። ያንን የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል። እኛ አገር በያጆች የጭሱ ማርከሻ ነው ብለው ወተት ይጠጣሉ። ወንድሞቼ፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው፣ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው። ደጅ ላይ ሥሩ፣ ነፋሱን ከጎናችሁ አድርጉ፣ ትክክለኛ ማስክ ግዙ።

የሲሊንደሩ ክንፍ ሌላ ጠባይ ነበረው። ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት) ስለሆነ አንድ ቦታ ብቻ ካጋላችሁት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ከኢንጅኑ ፈትቼ ከሰል ምድጃ ላይ አስቀመጥኩት፣ በወናፍ ቀስ እያልኩ ዙሪያውን እኩል አሞቅሁት። ወናፍና ከሰል ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ ወለቃ የቤተ እስራኤል አንጥረኞች በዚሁ ነው ሲሠሩ የኖሩት፣ የድሮ የሞተርና የብስክሌት ፋብሪካዎችም ቴላዮ የሚያያይዙት በምድጃ ነበር። የተሰበረውን ጠርዝ ያጸዳሁት በሞረድ ነው፣ ግራይንደር ጊዛው ውስጥ ያለውን ካርቦን እየቀባ ነሐሱ እንዳይዝ ስለሚያደርግ። ክንፉን በነሐስ ካያያዝኩ በኋላ ሲሊንደሩን ባለቤቴ ባጠራቀመችው የምድጃ አመድ ውስጥ እስከ አንገቱ ቀበርኩት። በማግስቱ ጠዋት ሳወጣው ገና ለብ ያለ ነበር። ጊዛ የሚፈልገው ይህን ነው፣ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ። ከዚያ የውስጥ ስፋቱን ከላይም ከታችም ለካሁት፣ አልተጣመመም።

ሳልባትዮው ላይ እሳት አልነካሁም። ብዙ ሰው ባዶ ታንከር አደጋ የለውም ይላል። ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው ባዶው ነው፣ የሚቀጣጠለው ትነቱ ስለሆነ። ትነቱ ደግሞ ዝገቱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ታጥቧል ቢባልም። እኔ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላ ቀዳዳው ሥር እስኪደርስ ውሃ ሞላሁት፣ ክዳኑን ክፍት ተውኩት፣ ከዚያ ትልቅ የመዳብ መበየጃ ራቅ ካለ ምድጃ ላይ እያጋልኩ በስታኞ (ቶሎ በሚቀልጥ የቆርቆሮ መበየጃ) ደፈንኩት። ስታኞ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ለታንከር ቀዳዳ ይበቃል። ቶሎ በኤሌክትሪክ ልበይድልህ የሚል ካጋጠማችሁ ታንከራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የፓራፋንጎው ማሰሪያ ቀላሉ ነበር። ተራ ብረት ነው፣ ነሐስ የለበትም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪክ። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 6013 የሚባለው የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ 75 አምፔር አካባቢ። የማሽኑን የምድር ሽቦ መቆንጠጫ ከብየዳው አጠገብ አድርጉት፣ ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎች ውስጥ አልፎ ያቃጥላቸዋል። በክረምት ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባልና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። እና ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት አትበይዱ፣ ቮልቴጁ ይወርድና ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግራል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲባጎ ወጥሬ ቀጥታዋን አየሁ፣ ከዚያ በአዘዞ መንገድ ይዣት ወጣሁ። ከየጉዞው በኋላ የተጠገነውን ቦታ በነጭ ጋዝና በጠመኔ እፈትሸዋለሁ። እስካሁን መስመር አላወጣም። ቴላዮውን ገና ቀለም አልቀባሁትም፣ ቀለም አዲስ ስንጥቅ ይደብቃል። ክረምቱ እስኪያልፍ በዘይት ጨርቅ እየጠረግሁ እጠብቃለሁ፣ መስከረም ላይ ንጹህ ከሆነ ጥቁሩን እቀባታለሁ።