ጥምቀት፣ ሎሚና መንግሥቱ ወርቁ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ! ጃንሜዳ ያላችሁ፣ ጎንደር የወረዳችሁ፣ በሰው አገር ሆናችሁ ታቦቱን በስልክ የምትሸኙ፣ በዓሉ የእናንተ ባይሆንም ከጎረቤት ጋር አብራችሁ የምትቆርሱ፣ ለሁላችሁም መልካም በዓል።

የዘንድሮው መልእክቴ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ነው። ለምን በጥምቀት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኛ ቤት ጥምቀት ጥር 11 ላይ አያልቅም። በማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤልን ሸኝተን እንገባለን። 13 ሲመጣ ደግሞ የአባዬ በዓል ነው። ጠዋት ተነስቶ ጢሙን ይላጫል። ቡና ይፈላል። ከዚያ ከበዓሉ የተረፈውን ሎሚ በሰፌድ ያስመጣና ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። «ይቺ ሉቻኖ። ይቺ ኢታሎ።» ትልቋን፣ በደንብ የበሰለችውን መጨረሻ ላይ ያነሳታል። «ይቺ መንግሥቱ።»

መንግሥቱ ወርቁን ማለቱ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 እሑድ ነበር። አባዬ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነው። አያቴ ለጥምቀት አዲስ ነጭ ሸሚዝ አሰፍታለታለች። ዓርብ ጃንሜዳ ለብሶት ዋለ። ቅዳሜ ሚካኤልን ሲሸኝ ደገመው። እሑድ ደግሞ እናቱ ሳታየው ለበሰና ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሮጠ። ትኬት የለውም። በሩ ላይ በትልልቆቹ እግር መሀል ሲሾልክ ሸሚዙ ከብብቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል በሰማ ቁጥር የሚያስታውሰው ያችን ሸሚዝ ነው። ገባ ግን። አየ።

የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚያችን ግብጽ ናት፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ናት። በ1949 ካርቱም ላይ ለፍጻሜ ደርሰን 4 ለ 0 የሸኘችንም እሷው ናት። ባዳዊ የሚባለው አጥቂያቸው ቀድሞ አገባ። ከእረፍት በኋላ አቻ ሆንን። ሰው ጮኾ ሳይጨርስ ባዳዊ እንደገና አገባ። አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ» ይላል። «አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር።»

ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባ። 2 ለ 2። ወደ ጭማሪ ሰዓት ተሄደ። በጭማሪው የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛዋን አስቆጠረ። ከዚያ ሊያበቃ 3 ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛዋን አገባ። ሦስተኛዋ ስትገባ ሰው ጮኸ፤ አራተኛዋ ስትገባ ግን ሰው አለቀሰ ይላል አባዬ። 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ በውድድሩ 3 ጎል አግብቶ ከባዳዊ ጋር እኩል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

አንዳንዱ ሰው «አራት አገር ብቻ ነበር የተወዳደረው፣ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወትነው» እያለ ያናንቀዋል። እኔ አይዋጥልኝም። በሁለቱም ጨዋታ መጀመሪያ ጎል የገባብን እኛ ነበርን። በመጀመሪያው ቱኒዚያ መርታን ነበር፣ እሷንም 4 ለ 2 አሸነፍናት። በፍጻሜው ደግሞ ያልተሸነፈች ቡድን ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባት። ከአዲስ አበባና ከአስመራ የመጡ ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። ይህን «ሁለት ጨዋታ ብቻ» ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለኛል።

መንግሥቱ የጎንደር ልጅ ነው። በክለብ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው ነበር፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ ዛሬም ስሙን ሲጠራ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በአፍሪካ ዋንጫዎች ላይ ያገባቸው ጎሎች 10 ናቸው። በውድድሩ ታሪክ ብዙ ጎል ካገቡት ተርታ አንድ ኢትዮጵያዊ ስም ስታዩ እሱ ነው።

መጫወት ሲያቆምም ኳስን አልተለያትም። አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ብሔራዊ ቡድናችንን ይዞ ሊቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋብን። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር፣ ሃያ። በየማጣሪያው «ዘንድሮስ» እያልን አደግን። የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለእኛ የአፍሪካ ዋንጫ የሌላ ሰው ሠርግ ነበር፤ ቲቪ ላይ ቁጭ ብለን ካሜሩንን፣ ናይጄሪያን እንደግፋለን።

መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 አረፈ። አባዬ ዜናውን ሲሰማ ምንም አልተናገረም። ሬዲዮኑን ዘጋና ጋቢውን ደርቦ ደጅ ወጥቶ ተቀመጠ። እናቴ ምሳ ስትጠራው «ትንሽ ቆይ» አላት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥቅምት 2005፣ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ አለፍን። ከተማው ሲያብድ አስታውሳለሁ። እኔም ሳላውቀው ሰው አቅፌ ዘልያለሁ። ማታ ቤት ስገባ አባዬ እንባውን እየጠረገ ነው። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» አለኝ። ስሙን አልጠራም። ማንን እንደሆነ ግን ገባኝ።

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታችን ከዛምቢያ ጋር ነበር፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር። እዚያ የሚኖሩት ልጆቻችን ስታዲየሙን ቢጫ በቢጫ አደረጉት። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ቀረን። ጎል ገባብን። ከዚያ የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1። ቀኑ ስንት ነበር? ጥር 13 ቀን 2005። ልክ 51 ዓመቱ። ልክ በዚያው ቀን፣ ልክ እንደዚያው ተመርተን፣ ልክ የጊዮርጊስ ልጅ። አባዬ ካላንደሩን ከግድግዳው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ሰማህ?» አለ። እኔን አልነበረም የሚያናግረው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። የ1954ቱን ጨዋታ እንደ ዛሬው ስልክ ላይ ከፍተን ደጋግመን አናየውም። ቴሌቪዥን ያኔ ገና አገራችን አልገባም። ጨዋታው ያለው ባዩት ሰዎች ዓይን ውስጥ ነው። እነሱ ደግሞ እያለቁብን ነው። አምበሉ ሉቻኖ በመስከረም 2015 ጣሊያን ውስጥ አርፏል። ያን ቀን በልጅነቱ ስታዲየም የገባ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። እባካችሁ በዚህ በዓል ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ አያታችሁን፣ አጎታችሁን፣ ጎረቤት ያሉትን ጋሼን አንድ ጊዜ «ያን ቀን የት ነበርክ?» «የት ነበሩ?» በሏቸው። ከቻላችሁ ስልካችሁን አብርታችሁ ቅዱላቸው። መንግሥቱን ያየ ሰው ስለ መንግሥቱ ሲያወራ ፊቱ ምን እንደሚመስል እዩት። እኔ ከዚያ የተሻለ የበዓል ስጦታ አላውቅም።

አባዬ ሎሚዎቹን ሲያጫውት በየዓመቱ ትንሽ ይለያያል። አንዳንዴ ኳሷ ከቀኝ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ከግራ። አላርመውም። ያችኛዋ ሎሚ ግን ሁልጊዜ መድረሻዋ አንድ ነው፣ የስኳሩ ዕቃና የረከቦቱ መሀል።

አምና ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ታይ ነበር። አባዬ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል አሁን። ትልቋን ሎሚ ገፋት። ሎሚዋ ተንከባላ ሄደች፣ ልጄም ሳትወድቅ ብላ በሁለት እጇ ቀለብ አደረገቻት።

«ልቀቂያት እንጂ» አላት። «ይቺኛዋ ትገባለች።»

ልጄ ሎሚዋን መለሰችለትና እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። አባዬ እንደገና ከመጀመሪያው ደረደረ።