በሕጉ ብሄድ ስምንት መቶ፣ ስመለስ ስምንት መቶ

የመንገዱን ሁለት አቅጣጫ የሚለየው የአካፋዩ አጥር ቅዳሜ ከሰዓት ይበየዳል፤ ሰኞ ማለዳ ሁለት ዘንግ ብረት ጎድሎ፣ ሰው በጎኑ የሚሾልክበት ክፍተት ተፈጥሮ እናገኘዋለን። የተቋራጩ ፎርማን «ይህ ሕዝብ ሥርዓት የለውም» እያለ በያጁን ይጠራል። በያጁ ግን አይከፋውም፤ የትርፍ ሰዓቱ ይከፈለዋል።

ቦታው ከአዳማ መውጫዎች በአንዱ ላይ ነው። ከጅቡቲ ጭነት ይዘው የሚመጡ ተሳቢዎች፣ ሚኒባሶች፣ ባጃጆችና የፈረስ ጋሪዎች በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ፕሮጀክቱ ሁለት መስመር የነበረውን መንገድ አራት አድርጎ መሃሉን በአካፋይ መለየት ነበር። እኔ የተቋራጩን ሥራ በሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት በኩል የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ።

ንድፉ በአካፋዩ ላይ መታጠፊያ የሚፈቅደው በየኪሎ ሜትሩ ነው። ምክንያቱ ያስኬዳል፤ መታጠፊያ ሲበዛ መኪኖች የሚጠላለፉበት ነጥብ ይበዛል፣ ከኋላ የሚመጣውም ፍሬን መያዝ ይጀምራል። ነገር ግን ወፍጮ ቤቱና ገበያው ከመንገዱ ማዶ፣ አዲሶቹ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ከወዲህ ናቸው። ንድፉ የተሠራበት የትራፊክ ቆጠራ መኪናን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ሲመዘግብ፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚሻገረውን ሰው የሚያስገባበት ዓምድ አልነበረውም።

አንድ ምሽት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በራሱ መስመር ሲመጣ፣ መብራት ሳያበራ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሚነዳ ባጃጅ ጋር ተጋጨ። ሰው አልሞተም፤ የባጃጁ ሹፌር እግሩ ተሰበረ። ጠዋት ስንደርስ የመስታወት ስባሪው ከሽንኩርቱ ጋር የጎርፍ መውረጃ ቦዩ ውስጥ ተበትኖ ነበር።

በስብሰባው ላይ የቀረቡት መፍትሔዎች የሚጠበቁት ነበሩ። አጥሩ ከፍ ይበል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይቁም፣ ምልክት ይተከል። አለቃችን፣ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው፣ ምንም አልተናገሩም። ስብሰባው ሲያበቃ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡና ተራ ወደሚጠብቁት ባጃጆች ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«ለምንድን ነው በተቃራኒ የምትነዱት?» ብለው አንዱን ወጣት ጠየቁት።

«ጋሼ፣ ከኋላዬ ያለው መታጠፊያ ሁለት መቶ ሜትር ነው፤ ከፊቴ ያለው ስምንት መቶ። በሕጉ ብሄድ ስምንት መቶ ሄጄ ስምንት መቶ እመለሳለሁ። ተሳፋሪው ሃያ ብር ነው የሚከፍለኝ። ነዳጁን እርስዎ ይሸፍኑልኛል?»

«አልሸፍንልህም» አሉት እየሳቁ፤ «ሒሳብህ ግን ልክ ነው።»

ቢሮ ተመልሰን የእግረኛውንም ሒሳብ ሠራን። አራቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 3.5 ሜትር፣ በድምሩ 14 ሜትር ናቸው። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጤነኛ ሰው ይህን ለማቋረጥ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚያው ጊዜ 200 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ሰውየው ሳይሮጥ ለመሻገር በሁለቱም አቅጣጫ 200 ሜትር ነጻ መንገድ ያስፈልገዋል፤ እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ይህ የሚገኘው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መሃል ላይ የሚቆምበት ደሴት ቢሠራለት ግን ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዓይኑንም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መጣል ይበቃዋል።

የተደረገው ለውጥ ይህን የተከተለ ነበር። አጥሩ ዘወትር በሚቆረጥበት ቦታ ላይ ከአስፋልቱ ከፍ ያለ ዜብራ መሃሉ ላይ ከመቆሚያ ደሴት ጋር ተሠራ። ከዜብራው ራቅ ብሎ ለባጃጅና ለትንንሽ መኪና የሚሆን መታጠፊያ ተከፈተ፤ የሚታጠፈው መኪና ቀጥታ የሚሄደውን እንዳይዘጋ አካፋዩ ውስጥ ገባ ያለ መጠበቂያ መስመር ተቆረጠለት። ተሳቢ እንዳይሞክረው አፉ ሆን ተብሎ ጠበበ። ተሳቢ ለመዞር 25 ሜትር ገደማ ስፋት ስለሚፈልግ እዚያ ከገባ ሁለቱንም አቅጣጫ ይዘጋል፤ እሱ እስከ አደባባዩ ይሂድ።

ብዙ ያከራከረን ፌርማታው ነው። ተቋራጩ ከዜብራው በፊት ሊሠራው ፈልጎ ነበር፤ ቦታው ሜዳ ስለሆነ ይቀለዋል። ከዜብራው በፊት የቆመ ሚኒባስ ግን እግረኛውን ይጋርደዋል፤ ከኋላ ቀድሞ የሚያልፈው ሹፌር ሰውየውን የሚያየው አፍንጫው ስር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ፌርማታው ከዜብራው በኋላ፣ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ተሠራ። የተነጠፈው የጠርዝ ድንጋይ ተነቅሎ እንደገና ተነጠፈ፤ ፎርማኑ ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም።

አጥሩን ከዚያ በኋላ የቆረጠው የለም። ጋሪ ነጂዎቹ ግን አዲሱን መታጠፊያ አልወደዱትም፤ ተሳቢ ጥሩምባ እየነፋ ከኋላው ሲያልፍ ፈረስ ቆሞ ተራ አይጠብቅም ይላሉ፤ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። በጎን በኩል የጠጠር መንገድ እንዲሠራላቸው ጽፈናል። ተቋራጩ ዋጋ አቅርቧል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤትም በዋጋው እየተከራከረ ነው።