የሳውዝፖርት መድፍ

ከዋሺንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ በአይ-95 አውራ ጎዳና፣ ከዚያ በአይ-40 ስድስት ሰዓት ገደማ ከተነዳ ዊልሚንግተን ይገኛል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ነው፤ አይ-40ም እዚያው ያልቃል። እኔ ወንዙን በግራ ትቼ በመንገድ 133 ወደ ሳውዝፖርት ወረድኩ፤ የኬፕ ፊር ወንዝ አትላንቲክ ውስጥ የሚገባባት ትንሽ ከተማ ናት።

የአካባቢው ሰው እዚህ የሚሰማውን ምንጩ ያልታወቀ ድምፅ “የሴኔካ መድፍ” ይለዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድንገት አንድ ከባድ ጓታ ይሰማል፤ መስኮቱ ይርገፈገፋል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆ ይንኳኳል። ጭስም የለ፣ ዝናብም የለ። ስሙ የመጣው ከሩቅ ነው፤ በኒው ዮርክ ግዛት ካለው የሴኔካ ሐይቅ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከሚወራበት። የጋንጅስ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ደግሞ ይኸው ነገር “የባሪሳል መድፍ” ይባላል።

መንገዱ ሳውዝፖርት ሳይደርስ በሳኒ ፖይንት የጦር ወደብ አጠገብ ያልፋል። አጥሩን ያየ እንግዳ ሁሉ “በቃ፣ ይኸው ነው!” ማለቱ አይቀርም። የወደቡ ሥራ ግን ጥይት መጫንና ማራገፍ ነው፤ መተኮስ አይደለም።

ለመመልከት የሚሻለው ድልድዩን ተሻግሮ ኦክ አይላንድ ላይ መቀመጥ ነው፤ ባሕሩ ፊት ለፊት ወደ ደቡብ ይዘረጋል። መጀመሪያ የሚጠናው የመብራት ማማው ነው። በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ፣ ከታች ግራጫ፣ ከመሐል ነጭ፣ ከላይ ጥቁር ቀጥ ያለ ዓምድ ነው። በየ10 ሰከንዱ አራት ጊዜ ብልጭ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ጉም ላይ ሲያርፍ ያየውን ብርሃን “እንግዳ ነገር” ብሎ ይመዘግባል። ላወቀው ግን በነፃ የተገኘ የሰዓት መቁጠሪያ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከአንዱ አራት ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ድረስ (አንድ ዙር እንበለው) 3.4 ኪሎ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ብርሃን ሲታይ መቁጠር ይጀመራል። መብረቅ ከሆነ ነጎድጓዱ ከአምስት ወይም ከስድስት ዙር በኋላ አይሰማም፤ ከዚያ የራቀው አይደርስም። 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፈነዳ ተወርዋሪ ኮከብ ድምፁ የሚደርሰው ቢያንስ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው፤ 12 ዙር አልፎ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ኮከቡን አይቶ ቤቱ ገብቶ ድምፁ ሲመጣ ሁለቱን አያያይዛቸውም።

ብርሃን ሳይኖር ጓታ ብቻ ከመጣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ነው። ልብ ተብሎ ከተደመጠ ድምፁ ብዙ ጊዜ ድርብ ነው፦ ዱ-ዱም። አንዱ ከአፍንጫው፣ ሌላው ከጅራቱ። 9,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ጓታውን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው መሬት ላይ ያሰማል። ባሕሩ ቀዝቅዞ ከላዩ ሞቃት አየር ሲያርፍ ደግሞ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ተመልሶ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ትናንት ያልተሰማው በረራ ዛሬ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 1977 ከቻርለስተን እስከ ኒው ጀርሲ ሕዝቡን ያስደነገጡትን ፍንዳታዎች የባሕር ኃይሉ የምርምር ላቦራቶሪ መርምሮ፣ በ1978 አብዛኞቹን የጦር አውሮፕላኖች እንዳስነሷቸው ገልጿል። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድም ኒው ዮርክ መመላለስ የጀመረው ኅዳር 22 ቀን 1977 ስለነበር ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ነበር።

የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የሚሉም አሉ፤ ቻርለስተንን በ1886 ያፈረሰው አይረሳማ። ነገር ግን የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎችንና የአየር ግፊት መለኪያዎችን አስተያይተው፣ ድምፁ የሚጓዘው በአየር እንጂ በመሬት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ምን እንደሚያስነሳው ግን አልቆረጡም። እኔም ለመቁረጥ አልቸኩልም፤ አውሮፕላን ሳይፈጠር በፊት የተሰማው ሁሉ በአውሮፕላን አይታሰብም።

ሰማይ ላይ የሚታዩትን እንግዳ መብራቶች መለየት ከድምፁ ይቀላል። ብርቱካናማ ሆነው ተደርድረው የሚንሳፈፉና አንድ በአንድ የሚጠፉት ወታደር በጃንጥላ የሚጥላቸው ፍሌሮች፣ ማለትም እየነደዱ የሚያበሩ መብራቶች ናቸው። ተከታትለው በቀጥታ መስመር የሚሄዱት፣ ሁሉም አንድ ቦታ ሲደርሱ የሚሰወሩት ደግሞ ገና የተወነጨፉ ስታርሊንክ የተባሉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው፤ የመሬት ጥላ ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ቀይና አረንጓዴ ሰማያዊ ደመና ከታየ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የናሳ የሮኬት ማስወንጨፊያ ዋሎፕስ ምን እንደተኮሰ ይጠየቅ። ሰኔ 29 ቀን 2017 ንጋት ላይ የለቀቁት ባለቀለም ተን ከኒው ዮርክ እስከ ሰሜን ካሮላይና ታይቷል።

ስልክ ብዙ ያሳስታል። ማይክራፎኑ የሰው ድምፅ ለመቅዳት የተሠራ ስለሆነ ወፍራሙን ጓታ ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሚቀዳው የመስኮቱ ርግፍግፍታ ነው። ካሜራው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ማነጣጠር ሲያቅተው አንዷን ነጥብ ክብ ሳህን ያደርጋታል። መድኃኒቱ ስልኩን አሸዋ ውስጥ ተክሎ፣ ማማውን ወይም የቤት ጣሪያን ከምስሉ ጥግ ማስገባት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱ ከነሰከንዱ ይጻፍ፤ በአገሩ አቆጣጠር። በእኛ ሰዓት የጻፈ ሰው ሪፖርቱን በስድስት ሰዓት ያዛባዋል። ከዚያ አቅጣጫው፣ ጓታው አንድ ወይስ ሁለት መሆኑ፣ መስኮት ብቻ ነው ወይስ ወለሉም ተንቀጥቅጧል የሚለው ይከተላል። ወለሉ ከተንቀጠቀጠ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ድርጅት “ተሰምቶዎታል?” የሚለው ቅጽ ይሞላል።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ከአድማሱ በላይ ሦስት ብርቱካናማ መብራቶች ተሰቀሉ። ከማማው ጋር ቆጠርኩ። የመጀመሪያው በ28ኛው ዙር፣ የመጨረሻው በ31ኛው ጠፋ፤ አምስት ደቂቃ ገደማ፣ የፍሌር ዕድሜ። ሌላ 40 ዙር ጠበቅኩ። ከማዕበሉ በቀር ምንም አልተሰማም።