ቴአትሩን ንብረት ክፍል ገቢ አድርጊ ተባልኩ

የመጀመሪያውን የድጋፍ ክፍያ ሰነድ ይዤ ፋይናንስ ስገባ ሒሳብ ሠራተኛው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ውሉ አለ። ቃለ ጉባኤው አለ። የኃላፊው ፊርማ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሞዴል 19 የታለ?» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ሞዴል 19 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ገዝቶ ንብረት ክፍል ሲያስገባ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። ለወንበር፣ ለወረቀት፣ ለመኪና ጎማ። እኔ የያዝኩት የአንድ የወጣቶች ቴአትር ቡድን የልምምድ ወጪ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቴአትር እኮ ነው» አልኩት።

«ገባኝ። ግን ገንዘብ ከወጣ የገባ ነገር መኖር አለበት። ቴአትሩን ንብረት ክፍል ገቢ አድርጊና ነይ።»

ሰውየው አልቀለደም። ክፉም አልነበረም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ልስቅ ይሁን ላልቅስ ጠፋኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለኪነ ጥበብ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ጉባኤ ለማቋቋም ስለ ስም፣ ስለ አባላት፣ ስለ ዓላማ ስንጨቃጨቅ ገንዘቡ በየት በር እንደሚወጣ አንድ ቀን እንኳ አላሰብንም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ2009 ነው። በአንዲት መካከለኛ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበርኩ። በእኛ ቤት «ኪነ ጥበብን መደገፍ» ማለት ቲሸርትና ኮፍያ ማለት ነበር። ኅዳር 29 ሲደርስ ወጣቶቹን ጠርተን እናስጨፍራለን፣ ቲሸርት እናለብሳለን፣ ውኃ እንሰጣለን፣ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው በዓል ደህና ሁኑ። ልምምድ የት ያደርጋሉ? ጸሐፊው በምን ይኖራል? የሽማግሌዎቹን ታሪክ ማን ይቅዳ? ይህን የሚጠይቅ ዴስክ አልነበረም።

አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሕገ መንግሥቱን ሳገላብጥ አንቀጽ 91 ላይ ቆምኩ። መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን፣ ሳይንስንና ቴክኖሎጂን የማስፋፋት ግዴታ አለበት ይላል። ግዴታ! ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለኃላፊው ወሰድኩለት። ኃላፊው ደግሞ በእስክሪብቶ ሌላ ቃል አሰመረበት፦ «አቅም በፈቀደ መጠን»። በዚያች ሐረግ ስንከራከር ዓመት አለፈ።

በትርፍ ጊዜዬ ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1946፣ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት አቋቁመዋል። ከተማው ፈርሶ፣ ዳቦው በራሽን እየታደለ ማለት ነው። ስለዚህ «አቅም» የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም። አሜሪካኖች በ1965 በአንድ ሕግ ሁለት ተቋም ፈጠሩ፤ አንዱ ለኪነ ጥበብ፣ አንዱ ለታሪክ፣ ለቋንቋ፣ ለፍልስፍናና ለመሳሰሉት። እኛም ጋ ባዶ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት እነ አፈወርቅ ተክሌን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሸልሟል። ከአብዮቱ በኋላ ቀረ። የሽልማት ነገር ግን አንድ ችግር አለው። ገንዘቡ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የፈለግኩት ሥራው ሳይጀመር የሚመጣ ገንዘብ ነበር።

ስሙ ላይ የፈሰሰው ጊዜ አሁንም ያናድደኛል። ረቂቁን «የኪነ ጥበብና የሰብአዊ ጥናቶች ምክር ቤት» ብዬ ነበር ያቀረብኩት። አንደኛው ተሰብሳቢ እጁን አወጣ። «ሰብአዊ ስትይ የእርዳታ ሥራ ነው? ስንዴ ካለበት አደጋ መከላከልን ይመለከታል።» ሌላው «ሰብአዊ መብት ነው የመሰለኝ፣ እሱ ስሱ ነገር ነው» አለ። ሳቅ ሆነ፣ ግን እውነታቸውን ነው። ፈረንጅ «ሂዩማኒቲስ» የሚለውን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካልሆነ በቀር ማንም በአንድ ቃል አይጠራውም። ቅኔ አለን፣ ታሪክ አለን፣ ሥነ ቃል አለን፣ የብራና መጽሐፍ አለን፣ የሁሉም የጋራ ስም ግን ገበያ አልወጣም። በኋላ የአሜሪካኖቹን ሕግ ሳየው እነሱም ቃሉን ለማብራራት ዘርዝረውታል፦ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሕግ፣ ፍልስፍና፣ አርኪዮሎጂ እያሉ። እኔም ዘረዘርኩ። ወዲያው ገባቸው።

ከዚያ «ምክር ቤት» ላይ ተያዝን። የከተማው ምክር ቤት ሰዎች «አንድ ከተማ ላይ ሁለት ምክር ቤት?» አሉ። «ንግድ ምክር ቤት አለ አይደል?» ብዬ ሞከርኩ። አልሆነም። «ጉባኤ» በሚል ተስማማን። ዛሬ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር «ጉባኤ» የምለው። ለስም የሚሞት ሰው ሌላ ነገር ላይ ጉልበት ያጣል።

ሁለተኛው ስህተቴ አባላቱ ናቸው። ከበድ ያለ ስም ይኑረን ብዬ 15 ትልልቅ ሰዎች አስመረጥኩ። ባለሀብት፣ ዲን፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራን፣ ሦስቴም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። አንዱ ቀብር ሄደ፣ አንዱ ሥልጠና ላይ ነው፣ አንዱ ስልኩ ዝግ ነው። በመጨረሻ ወደ 7 ቀነስናቸው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የቴአትር መምህር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ አንድ ወጣት ሠዓሊ፣ የስፌት ማኅበር የምትመራ ሴት፣ የቅኔ መምህር የሆኑ የኔታ፣ መንዙማ አዋቂ የሆኑ ሼህ። መደበኛ አበል የለም፣ የታክሲና የሻይ ብቻ። እነዚህ መጡ። የኔታና ሼሁ ማመልከቻ ከማየት በፊት ስለ ግጥም ቤት አመታት ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ይሄድብን ነበር። አላስቆምኳቸውም። ከስብሰባው ሁሉ ጥሩው ክፍል እሱ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አንቀጽ 7 የምትባል አጭር አንቀጽ አለች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ሆነ ሌላ ተሿሚ ማመልከቻ በሚገመገምበት ስብሰባ ላይ አይቀመጥም። አባል የዘመዱን ማመልከቻ አያይም። ድጋፍ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል። ይኸው ነው። ይህች አንቀጽ ባትኖር ጉባኤው የቲሸርት ኮሚቴ ሆኖ ይቀር ነበር።

ኃላፊው እንዴት ፈረመ? ስለ ነፃነትና ስለ ኪነ ጥበብ ክብር ስደሰኩርለት ሰዓቱን ያይ ነበር። አንድ ቀን ግን ቢሮው በር ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየሁና «ጌታዬ፣ ገንዘብ ሲኖረን ይህ ሰልፍ እጥፍ ይሆናል። የአክስትዎ ልጅም ይመጣል፣ የካቢኔው ወንድምም ይመጣል። ያኔ ‹እኔ አይደለሁም፣ ጉባኤው ነው› ቢሉ አይሻልም?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ተሿሚ ሳሳምን ስለ መርሕ አላወራም። የሚቀንስለትን ራስ ምታት ነው የምነግረው።

ሰኔ 2010 የከተማው ምክር ቤት ደንቡን አጸደቀ፣ ለ2011 ደግሞ 300 ሺህ ብር ከሥራ ማስኬጃ ተያዘልን። ጨፈርን። ከዚያ ያ የሞዴል 19 ነገር መጣ።

መፍትሔው ሲገኝ ቀላል ነበር። ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ቅጽ ሠራን። በዕቃ ገቢ ፋንታ «የተከናወነ ሥራ ማረጋገጫ» አልነው። ሁለት የጉባኤው አባላት ልምምዱን ወይም ትርዒቱን በዓይናቸው አይተው ይፈርማሉ። ሰውየው ራሱ ነው ያረቀቀው። በኋላ ቴአትሩ ሲታይ ከሚስቱ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ፋይናንስን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ብጠራው ኖሮ ስንት ወር በተረፈኝ።

ሌላው ራስ ምታት ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ካመለከቱት አንዱ በዕድሜ የገፉ አዝማሪ ነበሩ። ማመልከቻ ቅጻችን 9 ገጽ ነው፤ «የፕሮጀክቱ አጠቃላይ ዓላማ»፣ «ዝርዝር ዓላማ»፣ «የሚጠበቅ ውጤት»። እሳቸው ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ቢሮ መጡ።

«ልጄ፣ ፕሮፖዛል አምጡ ተባልኩ። ይኸው» ብለው ማሲንቆውን ፈቱት።

የዚያን ቀን 9 ገጹን ቀደድኩት። አንድ ገጽ አደረግነው፤ መጻፍ የማይችል ደግሞ በቃሉ ያመልክት፣ እኛ በስልክ እንቅዳው አልን። ጥያቄያቸው ለአራት ልጆች ማሲንቆ ማስተማር ነበር፣ 12 ሺህ ብር። ጉባኤው ያለ ክርክር አሳለፈው። ፋይናንስ ስንደርስ ግን ቲን የለም። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ያኔ ቲን ካለው ሰው ላይ ለግብር የሚያዘው 2 በመቶ ነበር፤ ከሌለው 30 በመቶ። ከ12 ሺው 3,600 ሊቀር ነው።

ቲን ለማውጣት አብሬያቸው ሄድኩ። አሻራ ሲሰጡ ማሽኑ የግራ እጃቸውን ጣቶች እምቢ አለ። ስንት ዓመት የፈረስ ጭራ ክር የተጫኑበት ጣት ነው፤ ጫፉ ልሙጥ ሆኗል። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችው፣ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሼ ዘወር ብለው ለሰልፈኛው ማሲንቆ እንኳ ሳይይዙ፦

ስንኝ ስቋጥር ኖሬ፣ ስፈታ ስቋጥር፣
ሰው አይደለህም አሉኝ ዛሬ ያለ ቁጥር።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም ሳቀች። ከኋላ ያለ ሹፌር 50 ብር ግንባራቸው ላይ ለጠፈ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ማሽኑ አነበበ። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ በተቀበልን ማግስት የመጀመሪያ ሥራችን ቲን የሌለውን ሰብስቦ መውሰድ ሆነ።

የወደቅንበትም አለ። ለአንድ ሠዓሊ ሙሉውን ገንዘብ በአንዴ ሰጠን፣ አዲስ አበባ ገባና ስልኩን ዘጋ። በሚቀጥለው ዙር ክፍያውን ለሁለት ከፈልነው። መጀመሪያ 30 በመቶ ብቻ እንስጥ ያሉ ነበሩ፤ ስፌት የምትመራዋ አባል «በ30 በመቶ ቀለም ይገዛል፣ ሸራ አይገዛም» አለች። 60 በ40 ሆነ። የታሪክ መምህሩ ከተማሪዎች ጋር ስለ ድሮው ገበያ ከሽማግሌዎች የቀዱት ድምፅ ከሁሉም የምኮራበት ሥራ ነው። ግማሹ ግን አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር፤ ፍላሹን ቫይረስ በላው። ከተናገሩት ሽማግሌዎች ሁለቱ ዛሬ የሉም። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት፣ የሚል ሐረግ ውሉ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ወቅትም ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ማስታወቂያ ያወጣነው ሚያዝያ ላይ ነበር። ገምግመን ስንጨርስ ግንቦት አለቀ። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፣ ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ነው። ሰው በሦስት ሳምንት ድርሰት ይጻፍ? መስከረም ላይ ማስታወቂያ፣ ጥቅምት ላይ ግምገማ፣ ኅዳር ላይ ክፍያ። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ከሰርኩ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የቀረንን ገንዘብ ለወረርሽኙ መከላከያ አዛወሩት። አልተከራከርኩም። በ2013 በራሴ ምክንያት ሥራውን ለቀቅኩ። ጉባኤው ይፈርሳል ብዬ ነበር።

ከወራት በኋላ ለመሸኛ ደብዳቤ እዚያው ቢሮ ሄድኩ። የግምገማ ቀን ሆኖ በሩ ገርበብ ብሏል። አዲስ የተሾመው ኃላፊ ገብቶ ወንበር ሲስብ አየሁ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው። ተነሳች፣ ደንቡን ገልጣ አንቀጽ 7 ላይ ጣቷን አድርጋ አሳየችው። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው አነበበው። ደግሞ አነበበው። የኔታን አየ፣ ሼሁን አየ፣ ማንም አላነጋገረውም።

«ሻይ ግን አይከለከልም አይደል?» አለ።

ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቆሞ ጠጣው።