«ተደጋጋሚ ቀሪ» የተባሉት እናት

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል አስተባባሪ ነርስ ሆኜ ሳገለግል፣ የታካሚዎችን ቀጠሮና የነርሶችን ተራ የሚደለድል ሶፍትዌር ተገጠመልን። ቀድሞ ታካሚው ሁሉ ሳይነጋ በር ላይ ይሰለፍ ስለነበር በደስታ ተቀበልነው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ታካሚ ሰዓት ቆርጦ በስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ የመጣውንና የቀረውን ይመዘግባል፤ ከመዝገቡም እየተማረ በሚቀጥለው ሳምንት በየትኛው ሰዓት ስንት ነርስ እንደሚያስፈልግ ይገምታል። ጳጉሜን ሳይቀር ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር በትክክል ይመልስ ስለነበር፣ ሰዓቱን ያጣራ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ሶፍትዌሩ ጠዋት ብዙ ሰው ስለሚቀር ለአንድ ሰዓት ሁለት ሁለት ታካሚ እንዲቀጠር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባለቀጠሮው ጥቂት ስለሆነ አንዲት ነርስ ብቻ እንድትመደብ ሐሳብ አቀረበ። ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ በሰው እንደሚሞላ በዓይኔ እያየሁ፣ የሰንጠረዡን ቁጥር አምኜ ፈረምሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ በላብ ተጠምቀው ራሳቸውን ሳቱ። ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ስለነበረች ያስተዋሏቸው አጠገባቸው የተቀመጡ ታካሚ ነበሩ። ስኳራቸው እጅግ ወርዶ 41 ደርሶ ነበር፤ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ሰጥተን ነቁ።

«እማማ፣ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት ነበር» አልኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ስልኩ ስምንት ተኩል ነው የሚለው፤ የልጅ ልጄ አንብቦልኛል። ለምርመራው ሳትበዪ ነይ ስላላችሁኝ አልበላሁም፤ የኢንሱሊን መርፌዬን ግን እንደ ልማዴ ማለዳ ወግቻለሁ።»

መልእክቱ በእርግጥም «8:30» ይላል። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ሰዓት ስለሆነ 8:30 ማለቱ ከጠዋቱ 2:30 ነው፤ እሳቸው ግን ማንም ኢትዮጵያዊ እንደሚያነበው አንብበው ስድስት ሰዓት ዘግይተው ሊታዩ ተዘጋጅተዋል። ወደ መዝገቡ ስገባ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠዋት «ቀርተዋል» ተብለው፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ካርድ ክፍል «ያለ ቀጠሮ የመጡ» ብሎ መዝግቧቸው አገኘሁ። እንደ እሳቸው ያሉት ብዙ ነበሩ። ሶፍትዌሩ የእኛን የአጻጻፍ ጉድለት የታካሚዎቹ ጠባይ አድርጎ ተምሮት፣ እነሱ በሌሉበት ሰዓት ነርስ ሲያበዛ በሚመጡበት ሰዓት ቀንሷል። ባለሙያዎቹ እንዳስረዱን ስሌቱ በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፤ የሚታየኝን ትቼ የፈረምሁት እኔ ነበርሁና።

መልእክቱ «ከጠዋቱ 2:30» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ለጾም ምርመራ የሚመጣ ኢንሱሊን ተጠቃሚም መርፌውን ሳይወጋ እንዲመጣ እንዲነገረው አደረግን። የሦስቱን ወር መዝገብ ከካርድ ክፍሉ ጋር እያመሳከርን ማረሙ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ከእኚያ እናት ስም አጠገብ የነበረውን «ተደጋጋሚ ቀሪ» የሚል ምልክት ግን በዚያው ዕለት፣ እሳቸው ሳይሄዱ፣ አጠፋሁት።